አርባ ሦስት ብር ከሽልንግ

ባለፈው ቅዳሜ እናቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ነበር። ሐምሌ ነው፣ ከሰዓት ነው፣ ስለዚህ ይዘንባል። ከእንጦጦ የወረደው ደመና ሽሮ ሜዳን አጨልሟታል። መብራትም እንደ ልማዱ ሄዷል። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ወሬ ስለከለከለን አጠገብ ላጠገብ ተቀምጠን ማዶ ያለ ሰው የምንጠራ ይመስል እየጮኽን ነበር የምናወራው።

እንግዳው አብሮ አደጌ ነው። ለሦስት ሳምንት ከቨርጂኒያ መጥቶ። ልጅ ሆነን ሆያ ሆዬ ስንጨፍር አውራጁ እሱ ነበር፣ እዚህም አውራጁ እያልኩ ልጥራው። እዚያ ታክሲ ይነዳል። "ከሁሉም የናፈቀኝ ዝናቡ ነው" አለን። እዚያ አይዘንብም እንዴ ስለው፣ "ይዘንባል፣ ግን ቆርቆሮ የለም፣ ማን ይሰማዋል" ብሎ አሳቀን።

ነገር ነገርን ያነሳዋል። የጎርፉን ታሪክ ጀመረ። ይሄን ታሪክ መቶ ጊዜ ሲያወራው ሰምቼዋለሁ፣ በሠርግ፣ በልቅሶ፣ በስልክ። ካልሲውን አውልቆ እግሩ ላይ ያለውን ጠባሳ አሳየ፣ "የጎርፍ ኒሻን" ይለዋል። እህቴ ገና ከመጀመሩ ትስቃለች። "ያ ጎርፍ የበላን ሃምሳ ብር!" አለ።

እናቴ ቡና እየቀዳች ነበር። ቀና ሳትል፣ ጮክ ብላ፣ "አርባ ሦስት ከሽልንግ ነው" አለች።

"ምን አሉኝ እማማ?"

"ሃምሳ አይደለም። አርባ ሦስት ብር ከሽልንግ።" ቀጥላ ሁለተኛውን ሲኒ ሞላች።

አውራጁ ጭኑን እየመታ ሳቀ። እኛ የረሳነውን እርስዎ እንዴት ያዙት አላት። እሷም ፈገግ ብላ ጀበናውን መለሰች። ሁሉም ሳቀ። እኔ ሲኒውን ይዤ ቀረሁ። ምክንያቱም ያ ገንዘብ ስንት እንደነበር ለእናቴ ያኔ የነገራት ሰው የለም። ያንን የሚያውቅ በእጁ የቆጠረው ሰው ብቻ ነው።

በባልዲ የሚለካ ዝናብ

ክረምት በገባ ቁጥር ሰው ሁሉ የበቆሎ ጥብስና የጋቢ ፎቶ ይለጥፋል። እኔም እወዳለሁ፣ አልዋሽም። የሰኔ ዝናብ መጀመሪያ ሲወርድ የሚሸተው የአፈር ሽታ አሁንም ያስቆመኛል። ዛሬ የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከላዬ ሌላ ሰው ቤት ስላለ ዝናብ አልሰማም። መዝነቡን ብዙ ጊዜ የማውቀው ጠዋት ስወጣ መሬቱ ረጥቦ ሳየው ነው። ግን የትም ሆኜ ቆርቆሮ ላይ ጠንከር ያለ ዝናብ ከሰማሁ ዓይኔ ወደ ጣራው ጥግ ይሄዳል። የሚያፈስ ቤት ያደገ ሰው ይሄን ያውቃል፣ ላስረዳው አልሞክርም።

የኛ ቤት የቀበሌ ቤት ነበር። 1967 ላይ ትርፍ ቤት ሲወረስ ከተወረሱት አንዱ ነው። ኪራዩ ርካሽ ነው፣ ጣራው ግን የእኛ አይደለም፣ ስለዚህ ለማደስ ፈቃድ ይጠየቃል፣ ፈቃዱም "ነገ ተመለሱ" ነው። የአዲስ አበባ የዓመቱ ዝናብ ግማሽ ያህሉ በሐምሌና በነሐሴ ነው የሚወርደው። እኛ ያንን በሚሊ ሜትር አልነበረም የምንለካው። ባልዲው የበሩ ጋ፣ ብረት ድስቱ የቁም ሣጥኑ ጋ፣ ጎድጓዳው ሳህን አልጋው እግር ሥር፣ የእህቴ ፖፖ ደግሞ መሀል ቤት። እያንዳንዱ ዕቃ ቦታው የታወቀ ነው። ድምፃቸውም ለየቅል ነው። እናቴ ተኝታ ሰምታ "ድስቱ ሞልቷል፣ ተነሥና ድፋ" ትለኝ ነበር። ተሳስታ አታውቅም።

ኑሯችን እንጀራ ጋግሮ መሸጥ ነበር። ክረምት ለእንጀራ ጋጋሪ ክፉ ነው። ሴቶቹ ከእንጦጦ ተሸክመው የሚያወርዱት እንጨትና ቅጠል እርጥብ ስለሚሆን እሳቱ አይነድም፣ ይጨሳል። እናቴ ከሰኔ እስከ መስከረም ዓይኗ ቀይ ነበር። የሚያለቅስ ሰው ዓይን እንደዚያ እንደሚቀላ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው።

የሰባት ልጅ ገንዘብ

1991 ነው። አሥራ አንድ ዓመቴ። ሰኔ 30 ካርድ ወስደን፣ አራተኛ ወጥቼ፣ ክረምቱ የእኛ ሆነ። ሰባት ልጆች ነን። ቀኑን ሙሉ የጨርቅ ኳስ ስንጫወት እንውላለን። የጨርቅ ኳስ በክረምት ተጫውቶ ለማያውቅ፦ ውሃ ስትጠጣ ድንጋይ ትሆናለች። በቴስታ የመታት ልጅ ቁጭ ብሎ ይቀራል። ስለዚህ የዚያ ዓመት የቡሄ ገንዘብ አንሶም በዝቶም የሚገዛው አንድ ነገር ነው ተባለ፣ እውነተኛ የቆዳ ኳስ። መርካቶ አንድ ሱቅ ተሰቅላ አይተናታል።

የባሕር ዛፍ ዱላ ቆርጠን ልጠን ከሐምሌ አጋማሽ ጀምረን ተለማመድን። ነሐሴ 12 ማታ ወጣን። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፣ ዱላችንን መሬት ስንመታ ጭቃው ፊታችን ላይ ይረጫል። ስሙኒ የሰጠ አለ፣ ሽልንግ የሰጠ አለ፣ ሙልሙል ብቻ ሰጥቶ የሸኘን አለ። ውሻ የለቀቀብንም አለ። ያኔ አንድ ብር ወረቀት ነበር። ዝናብ የነካው የአንድ ብር ኖት የሚሸተውን ሽታ እስካሁን አልረሳሁትም፣ እርጥብ ካልሲ ይመስላል።

በማግስቱም ዞርን። ሙልሙሉን እዚያው በላን። ገንዘቡን ግን በፌስታል ቋጥረው ለኔ ሰጡኝ፣ ምክንያቱም አራተኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። አልጋ ላይ ዘርግቼ ቆጠርኩት። አርባ ሦስት ብር ከሽልንግ። ፍራሹ ሥር ከተትኩት። ቡሄ ካለ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት ይባላል አይደል? ይሄን የተረተው ሰው ቤቱ የሚያፈስ አይመስለኝም። ከቡሄ በኋላ ያለው የነሐሴ ዝናብ ነው እኛን የጨረሰን።

ፍልሰታ በተፈታ በማግስቱ ሌሊት በረዶ ጣለ። ቆርቆሮው ላይ ጠጠር የሚደፉብን ነበር የሚመስለው። ከዚያ በፊት አፍስሶ በማያውቅ ጥግ ላይ ውሃ ወረደ። የጤፍ ዱቄቱ ከረጢት የቆመው እዚያ ነው። እናቴ ኩራዝ ለኩሳ ከረጢቱን አቅፋ ሳበችው። ቦታ ለማስለቀቅ አልጋውን ስንጎትት ፌስታሉ ወደቀ።

"ምንድን ነው?"

"የሆያ ሆዬ ነው። የሁላችንም ነው።"

ምንም አላለችም። ጠዋት ግማሹ ዱቄት ሊጥ ሆኖ ሳለ አስጠርታ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ገንዘቡን ጭኗ ላይ ቆጥራ አስቀምጣዋለች። "እስከ እንቁጣጣሽ ታበድሩኛላችሁ?" አለችኝ። አበድረኝ አላለችም፣ ታበድሩኛላችሁ ነው ያለችኝ፣ ሰባታችንን ወክዬ እንደተቀመጥኩ ሽማግሌ። ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው። እሺ አልኳት። በዚያው ቀን ላስቲክና ሬንጅ ተገዛ፣ አንድ ሰውዬ ጣራው ላይ ወጥቶ ቀዳዳውን ደፈነ። ያን ሌሊት ዘነበ፣ አንድም ዕቃ አልተደረደረም። እንዴት እንደተኛሁ!

ቱቦው ውስጥ

ልጆቹ የመጡት በሦስተኛው ቀን ነው። ዶፍ ዝናብ ነው፣ ቤታችን ፊት ለፊት ያለው ቱቦ ሞልቶ መንገዱ ላይ ይፈስሳል። "ና እንጂ፣ መርካቶ እንሂድ" አሉኝ።

እናቴ ተበደረችን ማለት እችል ነበር። አራት ቃል አይሞላም። ግን ያ ወሬ እስከ ማታ በየቡናው ይጠጣ ነበር። እሷ ጨው እንኳ ከጎረቤት የማትበደር ሴት ናት። ይሄን ሁሉ አስቤ ነው አልልም፣ አሥራ አንድ ዓመት ልጅ እንደዚህ አያስብም። ውሸቱ ፊቴ ላይ እየፈሰሰ ስለነበር አነሣሁት፣ በቃ። "ጎርፍ ወሰደው" አልኩ። ትናንት ለእናንተ ላመጣ ስሻገር አዳልጦኝ ፌስታሉ ከእጄ ወጣ አልኩ። እያወራሁ ሄድኩ፣ ታሪኩም እያማረ ሄደ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል።

ይደበድቡኛል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። እነሱ ግን ሮጡ። እስቲ አስቡት፣ ገንዘቡ ትናንት ከወደቀ እስከ ዛሬ ወንዝ ገብቷል። ማንም ይሄን አላሰበም። ጫማቸውን አውልቀው ቱቦው ውስጥ ገቡ። አውራጁ እስከ ወገቡ ወርዶ እጁን ከጭቃው ሥር እየሰደደ ይዳስሳል። አንዱ በዱላ ቆሻሻውን ይገለብጣል። ትንሹ ልጅ ታች ወርዶ፣ ከዚህ የሚሄድ ነገር እንዳያመልጠው እግሩን አንፈራጦ ቆሟል።

እኔም ገባሁ።

ይሄ ነው የማይለቀኝ። ቆሜ ባየሁ አንድ ነገር ነበር። ሱሪዬን ጠቅልዬ ገባሁና ፈለግኩ። ያውም ከሁሉም በላይ። አንድ ጊዜ ጥቁር ፌስታል እጄ ገባ። ቋጠሮውን ስፈታ ልቤ በኃይል ትመታ ነበር። እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ለዚያች ቅጽበት ገንዘቡ ውስጡ አለ ብዬ አምኜ ነበር። የሽንኩርት ልጣጭ ነው። ከልቤ አዘንኩ።

ቀና ስል እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። ነጠላዋን አናቷ ላይ ጥላ፣ እጇ ሊጥ እንደሆነ። ጫጫታውን ሰምታ ነው የወጣችው። "ጎርፍ የወሰደው ገንዘብ" እያሉ ሲጮኹ ሰምታለች። እኔን ደግሞ ሽንኩርት ልጣጭ ይዤ አየችኝ። ተያየን። ዝናቡ በመሀላችን እየወረደ ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ትጠራኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አንድ ቃል ብትናገር ሁሉም ያልቅ ነበር። እሷም ከእኔ የጠበቀችው ያንኑ ይሆናል። ዞራ ገባች።

ትንሽ ቆይቶ አውራጁ ጮኸ። ጠርሙስ ነው እግሩን የቆረጠው። ያ ጠባሳ የዚያ ነው። ኒሻኑ።

ማታ እናቴ ለብ ያለ ውሃ አምጥታ እግሬን አጠበችኝ። ያን ያህል ትንሽ ልጅ አልነበርኩም። በየጣቶቼ መሀል እየገባች ጭቃውን አወጣችው። እኔም ዝም፣ እሷም ዝም። ጣራው ዝም ብሎ ነበር፣ ጠብ የሚል ነገር የለም። ቢያፈስ ተመኘሁ።

ቋጠሮው

1991 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበረች። በሦስተኛው፣ በሩፋኤል፣ ዝናቡ ጠበል ነው ተብሎ የሰፈሩ ልጅ በሙሉ ራቁቱን ይወጣል። እኔም ወጣሁ። እየተንቀጠቀጥኩ ስገባ እናቴ በጋቢ ጠቅልላ አስቀመጠችኝና የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ብር ነው። ወረቀቱም ሳንቲሙም።

"ለልጆቹ ስጣቸው" አለችኝ። እንቁጣጣሽ አራት ቀን ቀርቶታል። ከቃሏ ቀድማለች።

"እንዴት ብዬ?" አልኳት። "ጎርፍ ወስዶታል እኮ።"

አየችኝ። ከዚያ ብሩን አየችው። "እውነትህን ነው" አለችና መልሳ ቋጠረችው። ጥርሷን ተጠቅማ ነው ያጠበቀችው፣ ትዝ ይለኛል።

ለብዙ ዓመት ይሄን ነገር ሳስበው ራሴን እንደ ጎበዝ ልጅ ነበር የማየው። እናቱን ከሰው አፍ ያዳነ። ሚስቴን እንኳ ገና ሳንጋባ ስነግራት እንዲያ አድርጌ ነው የነገርኳት። እሷ ግን ሰምታ ስትጨርስ "እና እናትህ ገንዘቡን እንዴት መለሰች?" ነው ያለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ጎርፍ የወሰደው ገንዘብ አይመለስም። ተበደርኩ ብላ ቢሆን ኖሮ በሁለት ሳምንት ከፍላ፣ ቀና ብላ በሰፈሩ ትሄድ ነበር። ቃሏን አክብራ ይዛ ስትመጣ በሩን የዘጋሁባት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ከባድ ዝናብ ስሰማ የሚመጣብኝ ቱቦው አይደለም። ያ ቋጠሮ ነው።

ደግሞ ይሄን እንዳልናገር የሚይዘኝ አለ። አውራጁ ያን ታሪክ ይወደዋል። ልጅነታችን ከእሱ ውጭ አይወራም። ቨርጂኒያ ለተወለዱት ልጆቹ ሳይቀር በእንግሊዝኛ ነው የሚያወራላቸው፣ ጠባሳውን እያሳየ። ይሄን ሰው ተቀምጬ "በጠርሙስ የተቆረጥከው በከንቱ ነው" ልበለው? ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።

ቅዳሜ ማታ ሲኒዎቹን እናቴ ስታጥብ እኔ እያደረቅኩ ጎኗ ቆምኩ። ልጠይቃት ነበር የቆምኩት። ዝናቡ አባርቷል፣ ከጣራው ጠርዝ ጠብ ጠብ ይላል። የ2009ኙ ቆርቆሮ ነው፣ እኔ ነኝ ያስቀየርኩት፣ ኮርኒስም አለው። እሷ ግን ባልዲውን ዛሬም የበሩ ጋ ነው የምታስቀምጠው። ሳልጠይቃት ሲኒው አለቀ።

ማክሰኞ ማታ አውራጁ ቴሌግራም ላይ ጻፈልኝ። በመጨረሻው ሳምንቱ ዘመድ ሲጠይቅ ከርሞ ነው። ሰላምታ የለም፣ ቀልድ የለም።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከዚያ ጎርፍ በኋላ እማማ ቡሄ በመጣ ቁጥር አምስት ብር የሚሰጡን ለምን ነበር?"

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እውነት ነው። ሌላው ቤት ስሙኒ ሲሰጠን እናቴ አምስት ብር ነበር የምትሰጠን። ድፍን አምስት ብር። እኛ ቤት ተራ ሲደርስ ልጆቹ ጉሮሯቸውን ይጠርጉ ነበር። "እማማ ቸር ናቸው" ይባል ነበር፣ እኔም በቸርነቷ እኮራ ነበር። ለእንጀራ ጋጋሪ አምስት ብር ምን ማለት እንደሆነ ቤቱ ውስጥ እየኖርኩ አልታየኝም። ስንት ዓመት ጨፈርን? 92፣ 93፣ 94... አንድ ዓመት አሥር ብር የሰጠችን ይመስለኛል። መጨረሻ ላይ ትልልቆች ሆነን አፍረን ተውነው። ለመደመር ሞከርኩ፣ ሂሳቡ አልያዝ አለኝ። እሷ ጋ ግን ተይዟል። ለዚህ ነዋ ሃምሳ ሲላት ዝም ያላለችው! ስትከፍለው የኖረችው ዕዳ ላይ ስድስት ብር ከሽልንግ ሲጨመርባት ማን ዝም ይላል።

ለአውራጁ ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለቱንም ጊዜ አጠፋሁት። ከዚያ እናቴ ጋ ደወልኩ። ሦስት ሰዓት አልፏል፣ ብዙ ጊዜ በዚህ ሰዓት ተኝታለች። በመጀመሪያው ጥሪ አነሣችው። ከኋላዋ ቆርቆሮው ይጮሃል።

"አልተኛሽም እንዴ?"

"በዚህ ዝናብ ማን ይተኛል" አለችኝ። "እናንተስ ጋ ይዘንባል?"

"ቆይ፣ መስኮቱን ልክፈት" አልኳት።